ቃል አልባ ዜማ፦ የኃይሉ መርጊያ የሙዚቃ ጉዞ

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልጅነቱ በእረኝነት አለፈ። ያኔ ሜዳ ላይ የሚዘፈነው ዘፈን፣ ሠርግ ላይ የሚጨፈረው ጭፈራ በኋላ በኦርጋን የሚያወጣው ዜማ መነሻ ሆነለት። አሥር ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጣ።  

አዲስ አበባ ውስጥ ኃይሉ የአማራውን፣ የኦሮሞውንና የትግራዩን ዘፈን እየሰማ አደገ። በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን አነሣ፤ አስተማሪ አልነበረውም፣ ራሱን በራሱ አስተማረ። አኮርዲዮን በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ከተሞች ተወዳጅ መሣሪያ ነበር። መብራትም ድምፅ ማጉያም ሳይፈልግ አንድ ሰው ብቻውን አዳራሽ ሊሞላበት ይችላል። ይሁንና ለኢትዮጵያ ዜማ የማይመች ጠባይ አለው። ማሲንቆ መቺ ጣቱን በጭራው ላይ እያንሸራተተ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ዘፋኝም በጉሮሮው እንዲሁ ያደርጋል። የአኮርዲዮን ቁልፍ ግን የሚያወጣው አንድ የተወሰነ ድምፅ ነው፣ መንሸራተት የለም። ስለዚህ የትዝታን ወይም የባቲን ቅኝት በአኮርዲዮን የሚጫወት ሰው ያንን መንሸራተት በፈጣን የጣት መርገብገብና ለስለስ ባለ የመንፊያው ግፊት መተካት አለበት። የኃይሉ ጣት ገና በጠዋቱ የለመደው ይህንን ነው፤ በኋላ ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ላይ ሲቀመጥም አልተወውም። አድማጭ የእርሱን አጨዋወት ከሌላው የሚለይበት ዋናው ምልክትም ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ትምህርቱን አቋርጦ በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። በዚያ የቆየው ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቢሆንም ኖታ ማንበብን አገኘበት። ከዚያ ወጥቶ በየጠቅላይ ግዛቱ ከተማ እየዞረ፣ በቡና ቤት እየዘፈነና አኮርዲዮን እየተጫወተ ኖረ። ስለዚህ የሥራ ዘመኑ ክፍል ብዙ የተጻፈ ነገር የለም። ነገር ግን በአንድ ምሽት ለአማራው፣ ለኦሮሞውና ለጉራጌው ታዳሚ እንደየጠባዩ መጫወት የሚጠይቅ ሥራ ነበርና፣ ለአንድ ሙዚቀኛ ከየትኛውም ትምህርት ቤት የማያንስ ጥቅም እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ተመልሶ በምሽት ክበቦች መሥራት ሲጀምር የሙዚቃው ዓለም እየተለወጠ ነበር። እስከዚያ ድረስ ትልልቆቹ የሙዚቃ ጓዶች የመንግሥት ነበሩ፦ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሙዚቀኛ ደመወዝተኛ ነው፤ መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ዘፈኑም የመሥሪያ ቤቱ። ሆቴሎችና ክበቦች ሲበራከቱ ግን ከዚህ ቀንበር ውጭ የሚኖር አዲስ ዓይነት ተጫዋች ብቅ አለ። አምሐ እሸቴ በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ የመንግሥትን ሞኖፖል ሲጥስ፣ የግል ሙዚቃ እንጀራ ሊወጣው የሚችል ሥራ መሆኑ ታወቀ።

ኃይሉ በዚህ ጊዜ ከአኮርዲዮን ወደ ኦርጋን ዞሮ ነበር። የክበብ ታዳሚ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ይፈልጋል፤ አኮርዲዮን ደግሞ ያረጀበት ሆኖ መታየት ጀምሯል። ከሚያደምጣቸው የውጭ ተጫዋቾች አሜሪካዊው የጃዝ ኦርጋኒስት ጂሚ ስሚዝ ዋነኛው ነበር። ሥራውን ከያዘባቸው ቤቶች አንዱ ዙላ ክበብ ይባላል። ዙላ በቀይ ባሕር ዳር፣ በጥንቱ አዱሊስ አጠገብ ያለ ቦታ ስም ነው። ኃይሉ በኋላ አብሮት የሚሠራው ዳህላክ ባንድም ስሙን የወሰደው ከዚያው ባሕር ደሴቶች ነው፤ የከተማዋ ሙዚቀኞች በዚያ ዘመን ስም ሲያወጡ ዓይናቸው ወደ ባሕሩ እንደነበረ ልብ ይሏል። በዙላ የተሰባሰቡት ልጆች በ1970ዎቹ መጀመሪያ የራሳቸውን ባንድ አቋቋሙ። ስሙን ግን ከባሕር ሳይሆን ከሰሜን ተራሮች አወጡለት፦ ዋልያስ።

የዋልያስ ባንድ አባላት በየጊዜው ቢለዋወጡም፣ በስሙ ከሚታወቁት መካከል ሳክስፎን ተጫዋቹ ሞገስ ሀብቴ፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላ፣ ቤዝ ጊታር የሚይዘው መላከ ገብሬ፣ ጊታሪስቱ ማህሙድ አማን፣ ድራመሩ ተማረ ሀረጉ፣ እንዲሁም ፒያኒስት፣ ዘፋኝና አቀናባሪ የነበረው ግርማ በየነ ይገኙበታል። የባንዱ ዋና ቤት በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሆነ፤ አሥር ዓመት ገደማ ተጫወቱበት። የሂልተን ታዳሚ ዲፕሎማት፣ የውጭ ነጋዴ፣ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ የመጣ እንግዳና ኪሱ የሞላ የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ባንዱ በአንድ ምሽት ጃዝ፣ ላቲን፣ የአሜሪካ ሶልና ፖፕ ይጫወትና መሀል ላይ አንድ የኢትዮጵያ ዜማ ያስገባል። የኢትዮጵያውን ዜማ ፈረንጁም ወለሉ ላይ ወጥቶ እንዲጨፍርበት አድርጎ ማቅረብ የዕለት ተዕለት ፈተና ነበር። ዋልያስ ኋላ በዓለም የታወቀበት ድምፅ የተወለደው ከዚህ ፈተና ነው፦ ምዕራባዊ ምት፣ ኢትዮጵያዊ ቅኝት፣ ከላይ ደግሞ ዘፋኙ ሊዘፍነው የሚገባውን ዜማ የሚያንቆረቁር ኦርጋን።

በ1967 ዓ.ም. መባቻ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወርደው ደርግ መንበሩን ሲይዝ የምሽት ሕይወት ሊጠፋ ይገባው ነበር። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊት መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ይታሰራል፣ ይባስም ሊገጥመው ይችላል። ነገሩ ግን ያልተጠበቀ መንገድ ያዘ። መዝናናት የፈለገ ሰው ሰዓት እላፊው ሳይጀምር ሆቴል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ እስኪነጋም አይወጣም። ባንዱም አብሮት ተዘግቶበታል። ስለዚህ ዋልያስ ከምሽት እስከ ጎሕ ይጫወት ነበር። ውጭ ቀይ ሽብር እየተካሄደ ውስጥ ሰው የሚጨፍርበት ይህ ዘመን ለታሪክ ጸሐፊ ግራ የሚያጋባ ነው። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ “ወርቃማ ዘመን” በአብዮቱ ማግሥት ድርግም ብሎ ጠፋ የሚለው የተለመደ አባባልም በዚህ ምክንያት ሙሉ በሙሉ አይሠራም፤ ከዋልያስ ምርጥ ቅጂዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ቃል አልባ ዜማ በዚህ ዘመን ሁለት ጥቅም ነበረው። የመጀመሪያው ከሳንሱር ጋር የተያያዘ ነው። ግጥም ያለው ዘፈን እያንዳንዱ ስንኝ ይመረመራል፤ ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አድማጭ ደግሞ ያልታሰበ ወርቅ ከየትም ይወጣለታል። ኦርጋን ግን ለመርማሪ የሚያቀርበው ቃል የለውም። ሁለተኛው ጥቅም ብዙኃን መገናኛው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ሥራ ሲጀምር፣ እንደ ሬዲዮው ሁሉ በፕሮግራሞች መሀል የሚገባ፣ ከማስታወቂያና ከትረካ ሥር የሚነጠፍ ሙዚቃ አስፈልጎት ነበር። ለዚህ የሚመቸው ዘፋኝ የሌለበት ዜማ ነው። እንዲህ ያሉት ቅጂዎች በየቤቱ ይገባሉ፣ ልጅም ሽማግሌም በአፉ ያንጎራጉራቸዋል፤ የደራሲውን ወይም የተጫዋቹን ስም ግን ማንም አይጠራም። የአጃቢ ሙዚቀኛ ዕጣ በኢትዮጵያ ይኸው ነበር። የካሴቱ ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶና ስም ይወጣል፣ ከጀርባው ያለው ባንድ በትንሽ ፊደል ቢጻፍ እንደ ትልቅ ነገር ይቆጠር ነበር። ዋልያስም ማህሙድ አህመድን የመሳሰሉ ታላላቅ ድምፃውያንን ያጀበ ባንድ ነበር። ኃይሉ መርጊያ በዚህ ልማድ ላይ ያደረገው ነገር ቀላል ቢመስልም ደፋር ነበር፤ ዘፋኙን አውጥቶ አጃቢውን ብቻ ካሴት ላይ አስቀረ።

በ1975 ዋልያስ “ትዝታ” የሚል የመሣሪያ ሙዚቃ ካሴት አወጣ። በ1977 ደግሞ “ቼ በለው” የተባለው አልበም በካይፋ ሪከርድስ ታተመ። የካይፋ ባለቤት አሊ አብደላ ካይፋ፣ በተለምዶ አሊ ታንጎ፣ ከዘመኑ ታላላቅ የሙዚቃ አሳታሚዎች አንዱ ነው። በዚህ አልበም ላይ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን ተጫውቷል። ግርማ በየነ የደረሰው “ሙዚቃዊ ስልት” የሚገኘውም በዚሁ ነው። ይህ ሥራ በአንድ አጭር የቤዝ ሐረግ ላይ ይመሠረታል፤ ሐረጉ እየተደጋገመ ይሄዳል፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ከላይ ይጥላሉ፣ ኦርጋኑ ይመልሳል። አሠራሩ አዝማሪ ግጥም ሲያወርድና ሕዝቡ ሲቀበለው ካለው ሥርዓት ብዙም አይርቅም። በወቅቱ በአገር ቤት እንደ ማንኛውም ሸክላ የተሸጠው ይህ ሙዚቃ ከሃያ ዓመት በኋላ ከኢትዮጵያ ቃል አልባ ሥራዎች በውጭ አገር በብዛት ከሚደገሙት አንዱ ሆነ። በ1998 ዘ ዳክታሪስ የተባለ፣ ናይጄሪያዊ ነኝ እያለ በኒውዮርክ የሚቀዳ የስቱዲዮ ባንድ ሳይቀር ተጫውቶታል።

“ቼ በለው” በታተመ በተከታዩ ዓመት፣ በ1978፣ ኃይሉ ከባንዱ ወጣ ብሎ በጊዮን ሆቴል ይሠራ ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር “ወደ ሐረር ጉዞ”ን ቀዳ። የጊዮን ታዳሚ ወጣት ነበር፤ የዳህላክም ምት ከሂልተኑ ይልቅ ለስላሳና ለሶል የቀረበ ነው። አልበሙ የአንድ ሙዚቀኛን ቅልጥፍና ያሳያል። ያው ሰው፣ ያው ኦርጋን፣ ግን ሁለት የተለያዩ ከተሞች ውስጥ የተቀዳ ይመስላል።

በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሄደ። ከኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ ባንዶች በአሜሪካ በመዞር የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ታዳሚው በአብዛኛው ከደርግ ሸሽቶ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። ዝግጅቱ ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ ቀሩ፤ የተቀሩት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የቀሩት ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዙላ ባንድ በሚል ስም ተሰባስበው መጫወት ቀጠሉ። ስሙ ወደ መጀመሪያው ክበባቸው የሚመልስ ነበር። ይሁንና የዲያስፖራ ሙዚቃ ገበያ ጠባብ ነው። በሳምንት ሁለት ሌሊት የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ውስጥ መጫወት የቤት ኪራይ አይከፍልም። ግርማ በየነ ከሙዚቃው ርቆ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ።

ኃይሉ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። ያዘጋጀው ካሴት “ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው” የሚል ስም ነበረው። ባንድ የለም፤ ሁሉንም የተጫወተው ራሱ ነው። ምቱን ሪትም ማሽን ይመታል። ከሥር ሮድስ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና በ1983 ለገበያ የቀረበው ያማሃ ዲኤክስ ሰባት አሉ። ከላይ ደግሞ አኮርዲዮን። በ14 ዓመቱ የጀመረበት፣ ክበቦቹ ያረጀ ነው ብለው የጣሉት መሣሪያ ከዘመኑ አዲስ ማሽን ጋር ተጋጠመ። ማሽኑ ሳይነቃነቅ አንድ ዓይነት ምት ይደግማል፣ አኮርዲዮኑ በላዩ እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ የመንፊያው አየር ሲገባና ሲወጣ በጆሮ ይለያል። “ሸሞንሟናዬ”ን የመሰለውን የቆየ ዜማ እንዲህ ባለ ልብስ የሰማው ሰው አልነበረም። በሥራዎቹ ሁሉ መካከል ይህ ካሴት የራሱ የኃይሉ ብቻ የሆነው ነው፤ ከሂልተን ዘመን ቅጂዎች የበለጠ ዕድሜ ቢኖረው አያስገርምም። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፣ ተባዛ፣ ከዚያም እንደ ብዙ ካሴት በየሱቁ መደርደሪያ ሥር ተረሳ።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዙላ ባንድ ተበተነ። ኃይሉ በዲሲ ሱኩስ የተባለ ክበብ ከፈተ፤ ስሙ ከኮንጎ የጭፈራ ሙዚቃ የተወሰደ ነው። ክበቡ ዕድሜ አላገኘም። በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ ገደማ ታክሲ መንዳት ጀመረ፤ ዋና መቆሚያው የደለስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ነበር። አየር ማረፊያ ላይ ባለ ታክሲ ተራው እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ኃይሉ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ የያማሃ ኪቦርድ ያስቀምጥ ነበር። ተራ ሲጠብቅ ያወጣውና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመዳል፤ አዲስ ዜማ ሲመጣለት ይይዘዋል፤ ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን መልሶ ከቶ ተሳፋሪውን ይጭናል። መድረክ ሳይኖረው፣ አሳታሚም ሳይጠይቀው ለዓመታት እንዲህ ኖረ። ጣቱ እንዳይታሰር ያደረገው ይህ ልምምድ ነው፤ ኋላ ጥሪው ሲመጣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ ከዜሮ መጀመር አላስፈለገውም።

በዚህ መሀል በውጭ አገር ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ “ኢትዮፒክስ” በተባለው ተከታታይ ሥራ የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን የኢትዮጵያ ሸክላዎች ማሳተም ጀምሮ፣ የማህሙድ አህመድ፣ የአለማየሁ እሸቴ፣ የጌታቸው መኩሪያና የሙላቱ አስታጥቄ ስም በአውሮፓ ታወቀ። የዋልያስ ሥራዎችም በዚህ ስብስብ ውስጥ ቦታ አገኙ። የ1985ቱ ካሴት ግን ከዚህ ዘመን ውጭ ስለሆነ ማንም አልፈለገውም።

የተገኘው ባሕር ዳር ነው። የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ ዳግም የሚያሳትም ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ የሙዚቃ ድርጅት ያቋቋመው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ወደ ኢትዮጵያ በሄደበት ጊዜ ከባሕር ዳር ሱቅ ከገዛቸው ካሴቶች አንዱ “ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው” ነበር። ሰምቶ ተደነቀ፤ ባለቤቱን ማፈላለግ ጀመረ። ሰውየው የተገኘው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሳይሆን እዚያው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ነው። በስልክ ተነጋገሩ፣ ትርፉን እኩል ለመካፈል ተስማሙ፤ ይህ የድርጅቱ ቋሚ ደንብ ነው። አልበሙ በ2013 “ሸሞንሟናዬ” የሚለው ርዕስ ተጨምሮበት ዳግም ወጣ። በ2014 “ቼ በለው”፣ በ2016 “ወደ ሐረር ጉዞ”፣ በ2021 ደግሞ የ1975ቱ “ትዝታ” ተከተሉ።

“ሸሞንሟናዬ” በ2013 ዳግም እንደወጣ የመድረክ ጥሪ መጣ። ኃይሉ ከአውስትራሊያውያኑ ድራመር ቶኒ ባክና ቤዝ ተጫዋች ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር በአውሮፓ መጫወት ጀመረ። ሁለቱም ከነጻ ጃዝ ዓለም የመጡ ናቸው፤ የኢትዮጵያን ቅኝት ከልጅነት አልጠጡትም። ይህ ጉድለት የሚመስለው ነገር ግን ሙዚቃውን ክፍት አደረገው። በሂልተን ዘመን አምስትና ስድስት ሰው ይይዘው የነበረው ቦታ በሦስት ሰው ሲያዝ፣ ዜማው በመሀሉ ብዙ ባዶ ቦታ አገኘ። በዚህ አኳኋን የተሠራው “ላላ በሉ” በ2018 ወጣ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ያሳተመው የመጀመሪያው አዲስ አልበም ነበር። አንዳንዱ ዜማ የተወለደው በታክሲው ውስጥ ነው። ኒውዮርክ ታይምስ ታሪኩን ዘገበ። በ2020 የወጣው “የኔ ምርጫ” የተሠራው ደግሞ ከዲሲ አካባቢ ተጫዋቾች ጋር ነው፤ ቤዙን ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራሙን ኬኔት ጆሴፍ ይዘውታል። ማሲንቆም ገብቶበታል። ኃይሉ በልጅነቱ በአኮርዲዮን ሊመስለው የታገለው መሣሪያ በመጨረሻ ከጎኑ ተቀመጠ ማለት ነው።

አሜሪካ ከቀሩት የዋልያስ ሰዎች ግርማ በየነም ተመልሶ ወደ ሙዚቃ መጣ። ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር የሠራው አልበም በ2017 የኢትዮፒክስ 30ኛ ቅጽ ሆኖ ታተመ።

በ2023 የወጣው የኃይሉ አልበም የመድረክ ቅጂ ነው። የተቀዳው በኒውዮርክ ብሩክሊን፣ ፓዮኒር ወርክስ በተባለ የጥበብ ማዕከል ውስጥ በጁላይ 1 ቀን 2016 ነበር። በዚያ ምሽት ኃይሉ 70 ዓመቱ ነበር፤ በመድረኩ ላይ ዘፋኝ አልነበረም።